የስልኩ ጓጉንቸር

ከትናንት ጀምሮ ከፍቶኛል፤ ምክንያቱን ብጠየቅ ግን አላውቀውም። የነሐሴ ዝናብ ነው እንዳልል ዝናብ እወዳለሁ። ገንዘብ ነው እንዳልል ገንዘብ ያጣሁት ዛሬ አይደለም። ቤት ያለችው «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት፤ ይህን መልስ እንዴት እንደምትጠላው ታውቃላችሁ።

እንዲህ ሲሆን መድኃኒቴ ሥራ ነው። ደግነቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ የስልክ ማዞሪያውን፣ ካርድ የምቀይርበት ቀጠሮ ነበረኝ፤ ካርድ የምንለው መስመሮቹ የሚገናኙበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። በቀደም የወረደው መብረቅ ከዋናው ሕንፃ እስከ ጥበቃ ቤቱ ድረስ በአየር ላይ የተዘረጋውን ገመድ ተከትሎ ገብቶ፣ ከአሥራ ስድስቱ የውስጥ መስመሮች ግማሾቹን ዝም አሰኝቷቸዋል። ያ ገመድ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ካልሆነም ጫፉ ላይ የመብረቅ መከላከያ ይደረግለት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ደብዳቤዬ የት እንደተቀበረ ግን የነገረኝ የለም። የጥበቃው ጋሼ በበኩላቸው «እኔ እንደሆነ ምንም አልነካሁም» እያሉ ሲምሉ ሰነበቱ። መብረቅ ነው ብላቸውም አላመኑኝም። መብረቅ የሚመታው ዛፍና ከብት ነው እንጂ ስልክ ምን አደረገው ይላሉ።

የተቃጠለውን ካርድ መቀየርና ባለ ስምንት መስመር አዲስ ካርድ መጨመር ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አንዱን መንቀል፣ ሁለት መሰካት። ነገር ግን አስቀድሞ የማዞሪያውን መረጃ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለ። ዋናው ካርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደክማ ከሆነና መብራት ድንገት ከጠፋ፣ የማን ቁጥር የት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ከዚያ የኃይል መስጫው አዲሱን ካርድ ከነስልኮቹ ይችለው እንደሆነ ማስላት አለ። የእኛ ማዞሪያ ኃይሉ ሳይዘጋ ካርድ መቀየር ከሚፈቅዱት ወገን ነው፤ ቢሆንም ካርዱን በኮምፒውተር ከአገልግሎት ውጭ ሳያደርጉ መንቀል ነውር ነው። ደግሞ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የመሬት ሽቦ አለ፤ ብዙዎች ይንቁታል። በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ጣታችንን ቆንጠጥ ሲያደርገን እስኪሰማን ድረስ ወደ 3000 ቮልት መድረስ አለበት፤ ካርዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው፣ እኛ ምንም ሳይሰማን፣ ይሞታሉ። ሹራቤን አውልቄ በሸሚዝ ቀረሁ። ብርዱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሮጌውን ካርድ በጠርዙ ይዤ አወጣሁ፤ አዲሱን በሐዲዱ አስገብቼ ከኋላው ያለው ሶኬት ቀጭ እስኪል ገፋሁት። ቀጥሎ ሃያ አምስት ጥንድ ሽቦ ያቀፈው ገመድ መጣ፤ ጥንዶቹ የሚለዩት በቀለማቸው ነው፤ ነጭ በሰማያዊ፣ ነጭ በብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ነጭ በግራጫ፣ ከዚያ ቀይ በሰማያዊ… ይህን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። መስመሩ ሲያርፍ 48 ቮልት ገደማ ነው፤ ስልኩ ሲጠራ ግን እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣበታል። ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ ባለሙያ በዚያች ሰዓት ሰው ከደወለ፣ ማን እንደደወለ ሳያውቅ ጮኾ መልስ ይሰጣል።

አዲሶቹ መስመሮች ስምንት ናቸው፤ የሚፈልጓቸው ሰዎች ግን ከስምንት በላይ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ፤ የአንዳንዶቹ ሁለት ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ሲጠራ ቀና ብለው አያዩትም። ታዲያ መስመር ይሰጠኝ ብሎ በማመልከቻ የሚሟገተው ማን ነው? እነሱው ናቸው። ያ የምታውቁት ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለው፤ የአንዱ ሽቦ ከተቆረጠ ቆይቷል። ላነሳው ስል «ተወው፣ እሱ ሰላም ነው» አለኝ። በዚህ ቢሮ ስልክ የወንበር ታናሽ ወንድም ሆኗል፤ አንዱ ሲጨመርልህ ሌላውም ካልተጨመረልህ ሹመቱ አልሞላም።

ከመስመሩ በላይ የሚያጣላው ደረጃው ነው። ማዞሪያው ለእያንዳንዱ መስመር ፈቃድ ይመድባል፤ አንዱ ከግቢ አይወጣም፣ አንዱ ከተማ ውስጥ ይደውላል፣ አንዱ ክፍለ አገር፣ አንዱ ውጭ አገር። የተፈረመበት ዝርዝር ይመጣልኛል፣ እኔ እሞላለሁ። ሻይ የምታመጣልን እትዬ ክፍል ያለው ስልክ ከግቢ አይወጣም፤ ዜሮ ሲጫኑት ቱ-ቱ-ቱ ብሎ ይዘጋል።

ሞልቼ ስጨርስ መስመሮቹን በሙከራ ስልኬ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርኩ። የሙከራ ስልኬ አርጅቷል፤ የሦስት ቁጥር መጫኛዋ አትሠራም። ወደ 123 መደወል ሲኖርብኝ፣ ሳላስበው ጣቴ እጀታው ወደሚያርፍበት ጉጥ ሄደና መታው። አንድ። ቆም። ሁለት ጊዜ። ቆም። ሦስት ጊዜ። ከኮሪደሩ ማዶ ባዶው ክፍል ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ለማታውቁት፦ ያ አሮጌው ክብ መደወያ ሲመለስ የሚሠራው መስመሩን ቶሎ ቶሎ መቁረጥና መቀጠል ነው፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል። አምስት ከደወሉ አምስት ጊዜ ይቆርጣል፣ ዜሮ ከሆነ አሥር ጊዜ። ጉጡን በጣት መምታትም ያው መቁረጥ ነው። ማዞሪያ መደወያውንና ጣትን አይለይም። ዛሬም ብዙዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም እንጂ።

ይህን የተማርኩት ኮሌጅ አይደለም። የእኛ ቤት ስልክ ሳሎን ጥግ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ መደወያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ይቀመጥ ነበር። ጓጉንቸሩ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ መደወያው እንዳይዞር ይይዘዋል። ከውጭ ሲደወል ማንሳት ይቻላል፤ መደወል አይቻልም። ስልኩ የእኛ ይባል እንጂ የሰፈሩ ነበር። ከጂዳ፣ ከሮም፣ ከዋሽንግተን ይደወላል፤ ለእኛ ግን አይደለም። «ጥሩልን፣ ቆይተን እንደውላለን» ይሉና ይዘጋሉ። እኔ በባዶ እግሬ ጭቃውን እያቦካሁ «ስልክ ተደውሎላችኋል!» እያልኩ እሮጣለሁ። የተጠራችው ሴትዮ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ስልኩ ሲመጣ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነን። እናንተስ? ልጆቹስ? እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባባሉ ደቂቃው ያልቃል። ጉዳዩ ሳይነሳ ይዘጋል። ሴትዮዋ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም፤ ያልተወራው ሁሉ ለእናቴ ይወራል።

ጉጡን መምታት ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀው ነበር። የክፍሌን ልጅ ቤት እመታለሁ፤ ያኔ የአዲስ አበባ ቁጥር ስድስት አሃዝ ነበር፣ ሰባት የሆነው በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ነው። አባቷ «ሃሎ» ሲሉ እዘጋለሁ። ወንጀሉ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ካቻቢቴዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ምክንያቱም እናትና አባቴ መኝታ ቤት ሌላ ስልክ ነበረ፤ ፓራለል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ስልክ ካለና አንዱ ላይ እንዲህ ከተደወለ፣ በእያንዳንዱ ቁርጥ የሌላው ደወል ነካ ነካ ይደረጋል። ሙሉ ጥሪ አይደለም፣ ቅጭል ቅጭል ይላል። ለስንት መሥሪያ ቤት «ብልሽት አይደለም፣ ወዲያ ክፍል ሰው እየደወለ ነው» ብዬ አስረድቻለሁ! የራሴ ቤት አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ ደግሞ የምደውለው ከምሳ በኋላ ነበር፤ አባቴ ጋዜጣውን ይዞ ጋደም በሚልበት ሰዓት። ስልኩ ራስጌው ነው። ቁጥር የሚወድ ሰው ስለነበር ቅጭልታውን ቆጥሮ ማን ቤት እንደምደውል ሊያውቅ ይችል ነበር። አንድም ቀን አላነሳብኝም። እንዲያውም ጓጉንቸሩ ሲዝግ በአዲስ ተቀየረ። እንደማይሠራ እያወቁ አዲስ መግዛት ለምን?

ዝምታስ ቢሆን ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ማዞሪያው ከየትኛው መስመር ወደ የት እንደተደወለ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዘግባል። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ስልክ ኃላፊ ቢሮ ወደ ደሴ ይደወላል። ኃላፊው ደሴ ማንም የለውም። በዚያ ሰዓት ስኒ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን። ወርሃዊ ዝርዝሩን ሳትም ያን ገጽ አታሚው ይበላዋል። የአታሚ ነገር አይታወቅም።

የቀሩት መስመሮች ሰኞ ይፈተሻሉ ብዬ ወጣሁና ታክሲ ስጠብቅ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ደግሞ ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ያ የስልኩ ጓጉንቸር… አባዬ እንደምደውል ያውቅ ነበር?»

«አንተም ትደውል ነበር?»

«አንተም» ስትል ያዝኳት። ሳቀች።

«ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሲዝግም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ለአንተ መስሎህ ነው? ለአባትህ ነዋ!»

«ማን ጋ ይደውል ነበር?»

«ዝናብ እየመታህ ነው መሰለኝ፤ ድምፅህ ይቆራረጣል። ምሳ በልተሃል?» አለችና ዘጋች።

ታዲያ አባቴም በጣቱ ይመታ ነበር ማለት ነው? ከሆነስ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ የእኔን ቅጭልታ ሲቆጥር ነው የተማረው፣ ወይስ ቀድሞኝ ያውቅ ነበር? ለቢሮ ሰው ሁሉ ማን የት እንደሚደውል ፈቃድ የምሞላው ሰውዬ፣ ከገዛ ቤቴ ወደ የት ሲደወል እንደኖረ አላውቅም። እናቴ ጋ መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሳም። አሁንም ሞከርኩ። ሆን ብላ ነው።