«ገንዘቡ እኮ አለ»፦ ከአጋር ድርጅት ጋር ሦስተኛ ዲግሪ ስሠራ ሰባት ወር የበላብኝ ጉዳይ

ይህን የምጽፈው «ለምርምሬ ወጪ የሚሸፍንልኝ ድርጅት አገኘሁ» ብለው ደስ ላላቸው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ አንድ ቀደም ያለ ሰው ቁጭ አድርጎ «ከመግባቢያ ሰነዱ በፊት ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ ጨርሺ» ቢለኝ ኖሮ ሰባት ወር ባላባከንኩ፤ ይበልጡን ደግሞ አርባ ቤተሰብ ፊት አንገቴን ባልደፋሁ።

ሥራዬ ፍሎራይድ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አገር ከዚህ ብዙ እጥፍ የያዘ ጉድጓድ ሞልቷል። የልጆቹ ጥርስ ይበልዛል፤ ለዓመታት የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይያዛል። ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በማያስገባ እቶን ይቃጠልና ይደቅቃል፤ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ያስቀርለታል። ግን ከሰሉ አንድ ቀን ይሞላል። ከሞላ በኋላም ውሃው ያው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ፍሎራይዱን ይዞ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት በሰው ቤት ውስጥ ያለ ማጣሪያ መቼ እንደሚሞላ፣ በጋና ክረምትም ልዩነት ያመጡ እንደሆነ ነበር።

ይህን ማወቅ የምፈልገው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ማጣሪያውን ለገጠር ቤተሰቦች የሚያከፋፍል አንድ አገር በቀል ድርጅት ከሰሉን የሚቀይረው በግምት ነበር። ግምቱ ሲያንስ ገንዘብ ይባክናል፤ ሲበዛ ሰው ሳያውቅ የተበከለ ይጠጣል። ስለዚህ ሦስት ሆንን፦ ደመወዜን የሚከፍለው፣ ለትምህርት የለቀቀኝና የግዴታ ውል ያስፈረመኝ ዩኒቨርሲቲ፣ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ እና ድርጅቱ።

የተለመደው ነገር ሁሉ በሰላም አለቀ። ለድርጅቱ የምርምሩን ሐሳብ የሚያጠቃልል ሁለት ገጽ ኮንሴፕት ኖት ጻፍኩ፤ ወደዱት። ፕሮፖዛሌን ተከላከልኩ። የሥነ ምግባር ፈቃድ በአንድ ወር ከግማሽ ወጣ። የወረዳው የትብብር ደብዳቤ በአንድ ቀን ተጻፈ፤ ጸሐፊዋን እግዜር ይስጣት።

መጋቢት 2016 በምማርበት ዩኒቨርሲቲና በድርጅቱ መካከል የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ። ሁለት ገጽ ተኩል ነበር። «ሁለቱ ወገኖች በጋራ ለመሥራት ተስማምተዋል» ይላል። ማን ምን እንደሚገዛ፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ የሚናገር አንድ መስመር የለበትም። ከመፈረሙ በፊት አንብቤዋለሁ። ጉድለቱም ታይቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ፊርማው እንዳይዘገይ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ በራሴ የምበሳጭበት አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት በስልክ ነው። የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ ደውሎ «ብሩን የት ላስገባው?» አለኝ። ቀድሞ ለሌላ ጉዳይ ከተጻፈ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ላይ ያለውን የሒሳብ ቁጥር ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ማንንም አልጠየቅሁም። ግንቦት 26 ቀን 900 ሺህ ብር ገባ፤ ምክንያቱ ላይ «ለምርምር ድጋፍ» ብቻ ተብሎ። የባንኩን ወረቀት ለአማካሪዬ ሳሳያቸው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከደስታ።

ያ ሒሳብ የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ሒሳብ ነበር። ገንዘቡ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ሆኖ ተመዘገበ። ፋይናንስ «የማን እንደሆነ ከምርምር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። ምርምር ጽሕፈት ቤት «የበጀት ዝርዝር የተያያዘበት ውል አምጪ» አለ። የመግባቢያ ሰነዱን ሳቀርብ የሕግ ክፍሉ «ይህ ውል አይደለም፣ ገንዘብ አያንቀሳቅስም» ብሎ መለሰው። የሕግ ክፍሉ ልክ ነበር። የሚያናድደኝ ያው የሕግ ክፍል ሰነዱን ከመፈረሙ በፊት አይቶ አስተያየት የለኝም ብሎ ማሳለፉ ነው።

ውሉን እንደገና ስናዘጋጅ ሰኔ ገባ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከወሩ አጋማሽ በኋላ አዲስ የግዢ ጥያቄ የሚቀበል የለም። ሐምሌ የንብረት ቆጠራ ሆነ፤ ነሐሴ የዓመት ፈቃድ። መስከረም ላይ «አዲሱ በጀት ሲስተም ላይ አልተጫነም» ተባልኩ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ባለፈው በጀት ዓመት የገባ ገንዘብ ወደ አዲሱ ለማዛወር ሌላ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። በሄድኩ ቁጥር የፋይናንሱ ኃላፊ በትሕትና የሚመልሱልኝ አንድ ነበር፦ «እህቴ፣ ገንዘቡ እኮ አለ፤ የት ይሄዳል?»

ይሄዳል። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በባንክ 74 ገባ፤ ታኅሣሥ ላይ 120ን አልፎ ነበር። እኔ የሚያስፈልገኝ የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ (ውሃ ውስጥ ገብቶ ፍሎራይዱን የሚለካው ዘንግ)፣ መለኪያውና ኬሚካሉ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስንስማማ ወደ 15,800 ዶላር ያህል የነበረው 900 ሺህ ብር፣ ገንዘቡን ማውጣት የሚያስችለው የፕሮጀክት ኮድ በተከፈተልኝ በታኅሣሥ ከ7,500 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ብሩ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሎ ግማሹ አለቀ። ለዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ በየጠረጴዛው ያለው ሠራተኛ ሁሉ መመሪያውን ጠብቋልና።

ከዚያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ብሎ አሥር በመቶ ቀነሰ። ይህንንም ቀድሜ አልጠየቅሁም። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ተቆጣ። እሱን የሚገዛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ያስገድደዋል፤ የእኛን አሥር በመቶ በየትኛው አርዕስት እንደሚጽፈው ጨነቀው። የእነሱ ሒሳብ ደግሞ የሚዘጋው በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ነው። ለእነሱ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ለእኛ ገና አልገባም። «የተወራረደ ደረሰኝ ላኪልኝ፣ ኦዲተር ቢሮዬ ተቀምጧል» ብሎ ሲደውል የምሰጠው አንዲት ወረቀት አልነበረኝም።

ኮዱ ከተከፈተም በኋላ ሦስት ፕሮፎርማ ማምጣት ነበረብኝ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚዘል አቅራቢዎቹ ፕሮፎርማው ላይ «ለ5 ቀን ብቻ የሚያገለግል» ብለው ይጽፋሉ። የግዢ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ሦስት ጊዜ ፕሮፎርማ አመጣሁ፤ ሁለት ጊዜ ኮሚቴው ሳያየው ጊዜው አለፈበት። በሦስተኛው አማካሪዬ ሰብሳቢው ቢሮ በር ላይ ቆመው አስፈረሙ። ዕቃው የካቲት ላይ ደረሰ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ እስኪቆረጥ ሳጥኑ ሳይከፈት ዘጠኝ ቀን ግምጃ ቤት ተቀመጠ።

በዚህ ሁሉ መሀል ድርጅቱ የራሱን ድርሻ በሰዓቱ ፈጽሞ ነበር። ሰኔ ላይ በአርባ ቤት ማጣሪያ ተክሎ፣ አንቺ ለኪ ብሎኝ ነበር። በየሳምንቱ ልለካ ቃል ገብቼ ነበር። የቤተ ሙከራችንን አሮጌ ኤሌክትሮድ ይዤ ሞከርኩ። ጤነኛ ኤሌክትሮድ የፍሎራይዱ መጠን አሥር እጥፍ ሲለወጥ ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ገደማ መለወጥ አለበት፤ የኛው 41 ላይ ቆመ። በዚያ ለክቶ ለሰው ቁጥር መናገር ውሸት ነው፤ ስለዚህ አልተናገርኩም።

ኅዳር ላይ ከቤቶቹ አንዱ ሄድን። የቤቱ እናት ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃኑ አነሡት። መረጃ ሰብሳቢያችን ከኦሮምኛ እየመለሰልኝ፣ «ጥርት ያለ ነው፤ አሁንም ያጣራል አይደል?» አሉኝ። ታናሽ ልጃቸው የፊት ጥርሶቿ ገና እየወጡ ነበር። «መሣሪያው እስኪመጣ ነው» አልኳቸው። መጋቢት ላይ በአዲሱ ኤሌክትሮድ ስንለካ የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 6.8 ሚሊግራም፣ ከማጣሪያው የወጣው 5.9 ሆነ። ከሰሉ ከሞላ ቆይቷል። መቼ እንደሞላ አላውቅም፤ ልመልሰው የተነሣሁት ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር። በዚያኑ ቀን ለድርጅቱ ደውለን የሁሉንም ከሰል አስቀየርን። የሴትየዋን ብርጭቆ ግን አልረሳውም።

አሁን ምክሬን ልስጥ። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መመሪያ ከሌላ ድርጅት የሚመጣ የምርምር ገንዘብ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይለፍ ይላል። እኔ ግን ከውጭ የሚገዛ መሣሪያና ኬሚካል ካለ በገንዘብ አትቀበሉ እላለሁ። አጋሩ ራሱ ይግዛ፣ በራሱ ንብረት መዝገብ ይያዝ፣ ለምርምሩ ጊዜ በውሰት ይስጥ። የሚመጣው ዕቃ እንጂ ገንዘብ ስላልሆነ፣ ይህ በውል ከተጻፈ መመሪያውን የሚጥስ አይመስለኝም። በዩኒቨርሲቲው በኩል ማለፍ ያለበት አበል፣ የመኪና ኪራይና የመሳሰለው ብር በብር የሚከፈል ወጪ ነው። እሱም ቢሆን የፕሮጀክት ኮድ ተከፍቶ ቁጥሩ በደብዳቤ ሳይመጣ አንዲት ሳንቲም አታስልኩ። ከተቻለ በጥቅምትና በየካቲት መሀል ይግባ፤ ከሚያዝያ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የሰኔ ሲሳይ ነው።

ውሉ ላይ የብር ድምር ጽፋችሁ አታቁሙ። «አንድ ኤሌክትሮድ፣ ይህን ያህል ሊትር ኬሚካል፣ ለአርባ ቤት የ52 ሳምንት ጉብኝት» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋጋ ቢንር አጋሩ ግዴታው ዕቃው እንጂ ብሩ አለመሆኑን ያውቃል። አንዳንድ ድርጅት ይህን አይቀበልም። የማይቀበል ከሆነ ሥራውን በዚያው ልክ አሳንሱ፤ እኔ አርባ ቤት ባልል፣ አሥራ አምስት ብል፣ በራሴ ደመወዝም ቢሆን እደርስባቸው ነበር።

ፈረንሳይ የሚማር የክፍል ጓደኛዬ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲፍር የሚባል አሠራር አለ፤ ድርጅቱ ተማሪውን ለሦስት ዓመት በሥራ ውል ይቀጥረዋል፣ መንግሥት ለድርጅቱ ድጎማ ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ያማክራል። ተማሪው የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ ዕቃ ሲያስፈልገው በድርጅቱ ግዢ ያዝዛል። እኛ ጋ ተማሪው የሦስተኛ ወገን ሠራተኛ ስለሆነ ይህ እንዳለ አይገለበጥም፤ ግዢው መሣሪያውን በቶሎ ሊገዛ በሚችለው እጅ መሆኑን ግን መውሰድ እንችላለን።

አንድ ነገር ደግሞ አማካሪዎች ደስ አይላቸው ይሆናል፦ ከአጋሩ በኩል አንድ ሰው በስሙ ተጠቅሶ ተባባሪ አማካሪ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኘኝ የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ስለነበር ጠባችን ሁሉ የገንዘብ ሆነ። የመስክ ኃላፊያቸው ገና ከመጀመሪያው አብሮን ቢሆን ኖሮ የመሣሪያው መዘግየት የሰው ውሃ ጉዳይ መሆኑን ለአለቆቹ እሱ ይነግርልኝ ነበር።

ድርጅቱ ለሁለተኛ ዙር ፈቃደኛ እንዲሆን ብዙ ለምኛለሁ። ውሉ አሁን አሥራ አንድ ገጽ ነው። ተጨማሪው መለኪያ የእነሱ ንብረት ነው፤ ጎኑ ላይ የእነሱ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ባዘዝነው በአራት ሳምንት እጄ ገባ። ያመለጠኝ ክረምት በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ተቀምጧል፤ የዘንድሮውን ክረምት ግን ሳምንት ሳልዘልል ለክቻለሁ። በየማጣሪያው ክዳን ላይ የተለካበትን ቀን፣ ቁጥሩንና ቀጣዩን ቀን በማርከር እንጽፋለን። ያቺ እናት ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ባለፈው ወር በአንድ ቀን ስንዘገይ ለመረጃ ሰብሳቢያችን ደውለው «ቀኑ ትናንት ነበር» አሉት።