ድንጋይ በፀሐይ

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለልጄ ያመጣለት ሄሊኮፕተር ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው ለሪሞቱ የሚሆን ስድስት ድንጋይ ብቻ ነው። ግንፍሌ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ወርጄ ከሱቅ ትንንሾቹን፣ የግድግዳ ሰዓት የሚበላቸውን ዓይነት ገዛሁ።

ልጄ በችኮላ ከተታቸው፤ ሪሞቱ አልበራም። አባዬ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱና «አራተኛው ተገልብጧል፤ ሞላው ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋው ቂጡ ነው» አሉ። ስድስቱ ሲቀጣጠሉ 9 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ከተገለበጠ ግን የራሱን መንፈጉ ሳያንስ የጎረቤቱንም ይበላል፤ የሚተርፈው 6 ነው።

የሄሊኮፕተሩ ባትሪ ሆዱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ በገመድ ነው የሚሞላው። ገመዱን ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ቀይ መብራት በራ፤ ሌላውን ጫፍ ሄሊኮፕተሩ ላይ ስሰካው ጠፋ። ነቀልኩ፣ በራ። ሰካሁ፣ ጠፋ። ተበላሽቷል ብዬ ከወንድሜ ጋር ልጣላ ስል ነው መመሪያውን ያነበብኩት፤ የዚህኛው መብራት እየጠጣ ሳለ ይጠፋል፣ ሲጠግብ ይበራል። ይህን ያሰበው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

ለመጥገብ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የሚበረው ግን 6 ደቂቃ ነው። ካርቶኑ 8 ይላል። ካርቶኑን የጻፈው ሰው አዲስ አበባን ያሰባት አይመስለኝም። እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ውልብልቢቱም ለመነሳት የበለጠ መልፋት አለበት። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ልጄ የሚያኮርፈው እኔን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሄሊኮፕተሩን በረንዳው መስኮት ላይ፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አገኘሁት። «ደክሞት ነበር፣ እንዲያገግም ነው» አሉ አባዬ። እኔም ያደግኩት የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እያየሁ ነው፤ ማታ ዜናውን ይጨርስ ነበር። ሙቀት ለድንጋይ ጥቂት ነፍስ ይዘራበታል። የሄሊኮፕተሩ ግን ሊቲየም ነው፤ ሙቀት ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል። ጎኑን ስነካው ፕላስቲኩ ወደ ውጭ ገፍቷል። በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው የብር ቀለም ያላት ጠፍጣፋ ባትሪ እንደ ትንሽ ትራስ ተነፍታለች። እንዲህ ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይታጠፍም፣ ዳግመኛም ቻርጅ አይደረግም። አሸዋ ባለበት የወተት ጣሳ አድርጌ አራት ኪሎ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት።

ልጁ ከሃያ ዓመት አይበልጥም፤ እጁ ግን የቀዶ ሐኪም ነው። መቀሱን አንስቶ ቀዩን ሽቦ ብቻ ቆረጠ፤ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለና ከዚያ ወደ ጥቁሩ ዞረ። «ሁለቱን በአንድ ላይ ብቆርጣቸው መቀሱ ራሱ ያገናኛቸዋል፤ እሳት ይነሳል እናቴ» አለኝ። አዲሲቱ ላይ 3.7 ቮልት፣ 150 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር በየደ። ሲጨርስ በመለኪያ ለካት፤ 3.8 አለ። ስትጠግብ 4.2 ትደርሳለች፤ ከ3 በታች ከወረደች ትጎዳለች። ስለዚህ መንሳፈፍ ሲያቅተው ወዲያው አጥፉት አለን። በረራው ሲያበቃም ባትሪዋ ትኩስ ስለሆነች ሩብ ሰዓት ሳትቀዘቅዝ ገመድ አይሰካባትም።

ለአባዬ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ ምኑን ባትሪ ሆነች፣ ፀሐይ የማትችል!» አሉ። የሩብ ሰዓቱን ጥበቃ ግን አሁን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በእጅ ሰዓታቸው፣ ልጄ ቢለማመጥም ቢያለቅስም አንዲት ደቂቃ አይሰጡትም።

ቅዳሜ ጠዋት የሪሞቱ ድንጋዮች አለቁ። ቡና ላፈላ ስወጣ ስድስቱ በረንዳው ጠርዝ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ከአባዬ ወንበር ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ በነጠላቸው ጫፍ ተሸፍኖ ተቀምጧል።