ዘፋኙ የት ገባ? ላፕቶፕና ስቱዲዮ ሞኒተር ሳገናኝ ያየሁት

ቤት ውስጥ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ሁሉንም ነገር የምሰማው በኢርፎን ነበር። ሚክሱን (ድምፆቹን አመጣጥኖ ማዋሃዱን) ጨርሼ፣ ደስ ብሎኝ፣ መኪና ውስጥ ስከፍተው ቤዙ በሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዘፋኙ ደግሞ ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅሜ ጥንድ ባለ 5 ኢንች ስቱዲዮ ሞኒተር (ለሙዚቃ ሥራ የሚሆን ስፒከር) ገዛሁ። ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘቱ የአንድ ኬብል ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው አሁን ለሚጀምር ሰው ነው፣ በተለይ ኬብል ገና ላልገዛ።

የመጀመሪያ ቀን ከካርቶን አውጥቼ ጀርባቸውን ሳይ ሁለት ዓይነት መግቢያ አላቸው። አንዱ ማይክ ላይ የምናውቀው ሦስት ቀዳዳ ያለው ኤክስኤልአር ነው። ሌላው ትልቁ የጊታር ጃክ የሚገባበት፣ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትሩ። ላፕቶፑ ያለው ያቺው ትንሿ ባለ 3.5 የኢርፎን ቀዳዳ ናት። እጄ ላይ በአንድ ጫፉ ትንሹ፣ በሌላው ጫፉ ትልቁ ጃክ ያለው ኬብል ነበረኝ። ሰካሁት፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ሁለተኛ ኬብል እስካገኝ አንዱን ስፒከር ልስማው ብዬ በቃሌ የማውቀውን ዘፈን ከፈትኩ።

ዘፋኙ የለም።

ስፒከሩ ግን ዝም አላለም። በግራና በቀኝ ያሉት ጊታሮች አሉ። የዘፋኙ ሪቨርብ እንኳ አለ፣ ሰውየው ከክፍሉ ወጥቶ ማስተጋባቱ ብቻ የቀረ ይመስል ነበር። ኪክ (የእግር ከበሮው) የለም፣ ቤዝ የለም። ስፒከሩ ተበላሽቶ የመጣ መሰለኝና ወደ ሁለተኛው ቀየርኩት፣ ያው ነው። ልመልሳቸው ወስኜ ካርቶኑን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ለካስ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። የጃኩን ብረት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ጥቁር መስመር ካለው ብረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። ይሄ ቲአርኤስ ይባላል። አንድ መስመር ብቻ ካለው ቲኤስ ነው። የኔው ኬብል በሁለቱም ጫፍ ቲአርኤስ ነው። ላፕቶፑ በጫፉ የግራውን ድምፅ፣ በመሃሉ ቀለበት የቀኙን፣ በታችኛው ክፍል ምድሩን (ግራውንዱን) ይልካል። ሞኒተሩ ግን እነዚያኑ ሦስት ቦታዎች የሚያነባቸው በሌላ መንገድ ነው። እሱ የሚጠብቀው ባላንስድ ሲግናል ነው፤ ማለትም አንድ ድምፅ በጫፉ፣ ያው ድምፅ ተገልብጦ በቀለበቱ። ሲደርሱት አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። እኔ ግራና ቀኝ ስልክለት ግራን ከቀኝ ቀነሰ። በሁለቱም ላይ እኩል ያለ ነገር ሁሉ ዜሮ ሆነ። በአብዛኛው ሚክስ ደግሞ መሃል ላይ የሚቀመጡት ዘፋኙ፣ ኪኩና ቤዙ ናቸው። የተረፈኝ ግራና ቀኙ የሚለያዩበት ብቻ ነበር። ይህን የገባኝ ቀን፣ እውነት ለመናገር፣ ስለ ድምፅ ያለኝ ግንዛቤ ራሱ ተቀየረ። ቀዳዳው ውስጥ መግባቱና ሲግናሉ መስማማቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድ ጫፍ ባለ 3.5 ስቴሪዮ ጃክ ሆኖ በሌላው ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ትልልቅ የቲኤስ ጃክ ያለው ኬብል። አንዱ ለግራ ስፒከር፣ አንዱ ለቀኝ። ሰካሁት፣ ዘፋኙ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ዘፈን ሳቆም ከስፒከሩ ቀጭን የሲሲታ ድምፅ ይሰማል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ድምፁ ይቀያየራል። ገጽ ወደ ታች ስስብ ጭርርር ይላል። ቻርጀሩን ስነቅል ጸጥ። መልሼ ስሰካ ይመለሳል። ላፕቶፑ በቻርጀሩ፣ ስፒከሮቹ በራሳቸው ገመድ ከምድር ሽቦ ጋር ተገናኝተዋል፤ በኦዲዮ ኬብሉ በኩል ደግሞ እርስ በርስ። እንዲህ በተዘጋው ዙር የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት የላፕቶፑን ሆድ ውስጥ ጫጫታ ሁሉ ይዞ ስፒከሩ ላይ ይወጣል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት እሱ ነው። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁ፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንድ ነገር አደራ፦ የሶኬቱን የምድር እግር ቁረጠው የሚል ምክር ብትሰሙ እንዳታደርጉት። ያ ሽቦ ያለው ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ሰው እንዳይመታ ነው።

ለጥቂት ሳምንት ቻርጀር እየነቀልኩ ሠራሁ። ባትሪው ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። በሁለተኛው ወር ኦዲዮ ኢንተርፌስ ገዛሁ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ የላፕቶፑ የድምፅ ማስገቢያና ማውጫ የሚሆን ሳጥን፣ ሁለት መግቢያና ሁለት ባላንስድ መውጫ ያለው። ከኢንተርፌሱ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር አንድ አንድ የቲአርኤስ ኬብል። አዎ፣ መጀመሪያ ያሳሳተኝ ያው ቲአርኤስ ነው፣ አሁን ግን በሁለቱም በኩል የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው። መንገድ ላይ የተለጠፈ ጫጫታ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚገባ፣ ሞኒተሩ ሲቀንስ የሚጠፋው ጫጫታው ይሆናል። ዘፋኜን ያጠፋብኝ ቅነሳ ሲሲታዬን አጠፋልኝ። ቻርጀሩን ሰክቼ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ላይ ካለችው ትንሽ የ"ሽሽሽ" ድምፅ በቀር ምንም የለም። እሷ የስፒከሩ አምፕሊፋየር የራሱ ናት፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ አልሰማትም።

ኢንተርፌሱ እንደገባ ሁለት ነገር ማስተካከል ነበረብኝ። አንደኛው የስፒከሩ ጀርባ ላይ ያለች +4 እና −10 የሚል ጽሑፍ ያላት ማብሪያ ናት። +4 ዲቢዩ የስቱዲዮ ዕቃዎች ደረጃ ነው፣ 1.23 ቮልት ገደማ። −10 ዲቢቪ የቤት ዕቃዎች ነው፣ 0.32 ቮልት ገደማ። በመካከላቸው ወደ 12 ዲሲቤል ልዩነት አለ። እኔ ለላፕቶፑ ብዬ −10 ላይ አድርጌው ረስቼው ነበር። የኢንተርፌሱን ቁልፍ ገና ነካ ሳደርገው ድምፁ ይጮሃል፣ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ደግሞ ግራው ከቀኙ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ብዙ ቁልፎች መጀመሪያቸው ላይ ሁለቱን ወገን እኩል አይከፍቱም። +4 ላይ ስመልሰው ቁልፉ እስከ ግማሽ ድረስ በሰላም የሚዞር ሆነ።

ሁለተኛው ድራይቨሩ ነው፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርፌሱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የኢንተርፌሱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር ጫኑና በሙዚቃ ፕሮግራማችሁ ውስጥ እሱን ምረጡ። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ አብሮ ስለሚመጣ ይህ ራስ ምታት የለም። ድምፅ ስቀርጽ ባፈሩን (ላፕቶፑ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ መጠን) 128 ናሙና ላይ አደርገዋለሁ፤ በሰከንድ 48000 ናሙና ሲወሰድ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሚክስ ሳደርግ ወደ 512 ከፍ አደርገዋለሁ፣ ላፕቶፑ እንዳይጨነቅ።

ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተል አለ፦ ሞኒተሩ መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ካልሆነ ኢንተርፌሱ ሲበራ የሚተፋት "ዱብ" ስፒከሩ ላይ ታርፋለች።

ሦስተኛው ወር የአቀማመጥ ነበር፣ ደግሞም ከሁሉ የወደድኩት። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላቴ ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ሜትር ይዤ ለካሁ፣ እያንዳንዱ ጎን 1 ሜትር። ትዊተሩ በጆሮዬ ከፍታ። መሃል ያለው ድምፅ ከላፕቶፑ ስክሪን በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። በእጄ የምነካው ይመስላል።

ቤዙ ግን አስቸገረኝ። የቤዝ መስመሬ "ላ" የሚባለው ኖታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል፣ ወደ ሌላ ኖታ ሲሄድ ይመለሳል። መጀመሪያ የቀረጽኩት ተበላሽቶ መስሎኝ ኖታውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ዘፈኑ እየተጫወተ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ኋላ ግድግዳ ስሄድ ላ እዚያ ያስገመግማል። ክፍሌ በርዝመቱ 3.1 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ግማሽ ሞገዱ በዚህ ርዝመት ልክ የሚገጥመው 55 ሄርትዝ አካባቢ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ላ ደግሞ 55 ሄርትዝ ነው። ያ ሞገድ ግድግዳዎቹ ጋ ይጠነክራል፣ ልክ ክፍሉ መሃል ላይ ይሞታል። የኔ ወንበር የነበረው ልክ መሃሉ ላይ ነው።

ጠረጴዛውን ከነስፒከሩ ወደ ፊት ግድግዳ 38 ሴንቲ ሜትር ገፋሁት። ጭንቅላቴ ከፊት ግድግዳ 1.17 ሜትር ላይ ሆነ፣ ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ገደማ። ብዙዎች መነሻ የሚያደርጉት ልክ ነው። ላ ተመለሰ። ስፒከሮቹ ግድግዳ ስለቀረቡ ቤዙ በጠቅላላው ትንሽ ወፈረ፤ ለእሱ ጀርባው ላይ የታችኛውን ድምፅ በ2 ዲሲቤል የሚቀንስ ማብሪያ አለ፣ ተጠቀምኩበት። ዋጋው ዜሮ የሆነው ይህ የወንበር ጉዳይ በሚክሴ ላይ ያመጣው ለውጥ፣ ለኔ፣ ኢንተርፌሱ ካመጣው ይበልጣል።

አሁን የቀረኝ የጎን ግድግዳ ነው። በግራዬ ባዶ ግድግዳ፣ በቀኜ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ አለ፣ የሁለቱ ነጸብራቅ አይመሳሰልም። አንድ ጓደኛዬ ወንበሬ ላይ እንድቀመጥ አድርጎ መስታወት በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ፣ ትዊተሩ መስታወቱ ውስጥ የታየኝን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገልኝ። ድምፁ ነጥሮ ጆሮዬ ላይ የሚያርፈው ከዚያ ነው። በዚህ ሳምንት እዚያ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ እሰቅላለሁ፣ ከመስቀሌ በፊትና በኋላ ያው ዘፈን እንዴት እንደሚሰማ ጽፌ እመለሳለሁ።