ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበት 50 ቀን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሌሊቱን ቆማችሁ ላስቀደሳችሁ፣ ዓረብ አገር ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ ለምታከብሩ፣ ለሁላችሁም።

55ቱ ቀን አለቀ። መቼም ጥንቃቄያችን ለጉድ ነበር። የብስኩት መጠቅለያ ገልብጠን «ወተት አለው እንዴ?» ብለናል። ማኪያቶውን በስፕሪስ ለውጠናል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሌለ ወዳጃችንን ስናማ ግን «ይሄስ አያስገድፍም?» ያለ አልነበረም።

ጾምን ላጣጥል አይደለም። ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ደግሞም ሥርዓቱ ራሱ ከምግብ ያለፈ ነገር ይጠይቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን» ይላል። የሚቀለውን መርጠን የያዝነው እኛ ነን። ሽሮ መብላት ምን ይከብዳል? የተኳረፉትን ወንድም ደውሎ ማናገር ነው ጭንቁ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊ «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» አለ። አልዋሸም፤ ይጾም ነበር። እኛም ረቡዕና ዓርብን እንጾማለንና ታሪኩ የሩቅ ሰው ታሪክ አይመስለኝም። ጥፋቱ መጾሙ አልነበረም። በጾሙ አጠገቡ የቆመውን ቀራጭ መናቁ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ጊዜ ገባ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ስግደትም የለም። የትንሣኤ ደስታ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታሳርፈናለች። እኔ ግን እውነተኛው ፈተና አሁን የሚጀምር ይመስለኛል። «አልገደፍኩም» ብለን የምንኮራበት ነገር በሌለበት ምን ዓይነት ሰዎች ነን? በሁዳዴ «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ቁጣውን የዋጠ አባት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር ምን ይላል? ሕማማቱን ሙሉ የሰገደው ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት ሚዛኑ ይስተካከላል? እድገት ካለ እዚህ ነው የሚታየው። በአንዴ ላይሆን ይችላል፤ ትንሽም ቢሆን ግን ለቤተሰብ መታወቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ዶሮ ወጣችሁ ልልቀቃችሁ። በብዙ ቤት ሽንኩርቱን ስታቁላላ፣ ዶሮውን ስትበልት ያመሸችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷም 55 ቀን ጾማለች። ዛሬ ከእናንተ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጣ ትግደፍ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻም ለእሷ ስጧት።

መልካም ፋሲካ!