በአንድ ተቃውሞ

እሑድ ማታ ነው። ከእድር ስብሰባ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልፏል። ቃለ ጉባኤው ግን ገና አልተጻፈም። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሻይ እየጠጣሁ አየዋለሁ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ወርኃዊ መዋጮው ከ100 ብር ወደ 200 ይደግ ተባለ። አዲስ ድንኳን ይገዛል፣ ወንበርም ይጨመራል። ሰው ሁሉ እሺ ብሎ ሊነሣ ሲል አንዲት እትዬ ከኋላ ብድግ አሉ። "ያለው ድንኳን ዓመቱን ሙሉ ሲከራይ ነበር። ኪራዩ ስንት ገባ? መጀመሪያ እሱ ይነገረን" አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ሰዓቱን አየ። ሊቀመንበሩ "እትዬ፣ እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን" ብለው ወደ ድምፅ ገቡ። የሚደግፍ? እጁን ያላወጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚቃወም? እትዬ ብቻ። ድምፀ ተአቅቦ? እኔ። እሷንም ቢሆን እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ ነው ያነሣኋት። ጥያቄያቸው ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። "ጸሐፊ ነኝ፣ ገለልተኛ መሆን አለብኝ" አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ሊቀመንበሩን ፈርቼ ነው።

"ድምፀ ተአቅቦ" ደግሞ እንዴት ያለ ቃል ነው! ፍርሃትን ካባ አልብሶ የሚያስቀምጥ።

ወደ ቤት ስመጣ አቶ ግርማ ሰይፉ ትዝ አሉኝ።

የ2002 ምርጫ ውጤት ሲነገር ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ገዢው ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወሰዱ። አንዱን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ አገኙት። የቀረችውን አንዲት ወንበር መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ዕጩ አቶ ግርማ ከአዲስ አበባ ያዟት። ያቺው አዲስ አበባ በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት ጠራርጎ ያሸነፈባት ከተማ ናት።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የምክር ቤቱ የቀጥታ ስርጭት አያመልጠውም ነበር። እኔ ሪሞቱን ለኳስ እጠብቃለሁ። 2003 ነው። ስኳር ጠፍቷል፤ እማዬ ዘይት ፍለጋ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ትሰለፋለች። መንግሥት በሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጫነ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከአብዛኞቹ ላይ አነሣው። ነሐሴ ላይ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ አለፈ። እና አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ለአቶ ግርማ ዕድል ሲሰጡ አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። "ዝም በሉ፣ ብቻውን ሊናገር ነው!" ይለናል። እኛ ቤት ስማቸው እሱ ሆኖ ቀረ። ብቻውን።

ምን ምን እንደጠየቁ ቃል በቃል አላስታውስም። የማስታውሰው መልሱ ሲመጣ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነገር ያውቁበታል። መሀል ላይ አንድ ተረብ ጣል ያደርጋሉ፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እውነቱን ለመናገር አባዬም ይስቅ ነበር። እንባ እስኪወጣው። ከዚያ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግና፣ "ግን እኮ ጥያቄውን አልመለሱለትም" ይላል።

ይቺ "ግን እኮ" አሁን ነው የገባችኝ። ጥያቄው ባይነሣ ኖሮ አባዬ ያልተመለሰ ነገር መኖሩን በምን ያውቅ ነበር?

ድምፅ ሲሰጥ የሚሆነውም ይገርመኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ እጅ። ቆጣሪ እንኳን አያስፈልጋትም። አንድ እጅ አዋጅ አያስቀርም፣ በጀትም አያስቀይርም። ማታ ግን ዜና አንባቢው "በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ማለት ነበረበት። ያቺን "በአንድ ተቃውሞ" እየተጣደፈም ቢሆን ያነባታል።

ከ2007 ምርጫ በኋላ እሷም ቀረች። 547ቱም ወንበር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። ዜናው አጠረ፤ "በሙሉ ድምፅ"። አባዬም ስርጭቱን ማየት ተወ። ኳስ ጀመረ። ሪሞቱ ለእኔም አልደረሰኝ። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎቹ ፓርቲዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ሲያገኙ አባዬ በሕይወት አልነበረም እንጂ መልሶ ይከፍተው ነበር መሰለኝ።

አቶ ግርማ በኋላ ኢዜማን ወክለው በ2014 የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆኑ። በዚህ የሚያኮርፍባቸው ጓደኛ አለኝ። "ገቡበት አይደል?" ይለኛል ስማቸው በተነሣ ቁጥር። ይበል። እኔ ለእነዚያ 5 ዓመታት ያለኝን አክብሮት በኋላው ሹመት አልለካውም። ሰው በሞላበት አዳራሽ ብቻህን እጅ ማንሣት ምን እንደሚመስል ዛሬ 60 ሰው በማይሞላ ስብሰባ ላይ አይቼዋለሁ። እሱንም ከእትዬ ላይ እንጂ ከራሴ አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ተብሏል። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። እትዬ በሚቀጥለው ወር ሐዘን ቢገጥማቸው ድንኳኑ ዘግይቶ ይመጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፈው፣ አንዲት ሴትዮ ናት እኮ" ብለውኛል። ዝም አልኩ። ሁለተኛው ድምፀ ተአቅቦዬ መሆኑ ነው።

ሻዩ ቀዝቅዟል። እስክሪብቶውን አንሥቼ ጻፍኩት። "በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።" ከሥሩ የእትዬን ጥያቄ እንዳለ አሰፈርኩ። የድንኳኑ ኪራይ ስንት ገባ? መልስ፦ አልተሰጠም። ሦስት መስመር ፈጀ።

ማክሰኞ ሊቀመንበሩ ቤት ለፊርማ ይዤው እሄዳለሁ።