ከኮሮላ በኋላ

አባቴ የነዳው ዲኤክስ ኮሮላ ነበር። እኔም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ የያዝኩት ሁለት ኮሮላ ብቻ ነው። የመጨረሻዋን አሥራ አራት ዓመት ነዳኋት። ደባርቅ ያለችው እናቴ ድምፅዋን ከመልመዷ የተነሣ ገና መታጠፊያው ላይ ስደርስ በሩን ከፍታ ትጠብቀኝ ነበር። አምና ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ጀመረች። ሞተሯ ከዚያ በፊት አንዴ ወርዶ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ተቀይሮለታል፤ ሥሯም በዝገት ተበልቷል። መቀየር እንዳለባት ሳምን በምን እንደምቀይራት ለማሰብ አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም። ሌላ ኮሮላ ነዋ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው፤ ገንዘብም አስከፍሎኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ቶዮታ ከሆነ ደግሞ ስሙ ብቻ ዋጋ አለው። አንዲት ነጭ ኮሮላ አየሁ፤ ቀለሟ ያምራል፣ ወንበሯ አልተነካም። ደላላው «ነገ ብትመጣ አታገኛትም» ሲለኝ ቀብድ ከፈልኩ። መካኒኬን ይዤ የሄድኩት በማግሥቱ ነው። የሞተር ዘይቱን ክዳን ከፍቶ ገልብጦ አሳየኝ፤ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ይዟል። ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ነበር፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሄዷል ማለት ነው። ቀብዴን የመለሰልኝ የለም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ዝም ብዬ ቆየሁና «ጋሼ፣ ሌላ ኮሮላ እስኪገኝ ልጠብቅ ይሆን?» አልኩት። ጎንደር፣ አዘዞ ባለው ጋራዡ ውስጥ መኪናዬን ስንት ዓመት ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሱዙኪም እፈታለሁ። ጠይቀኸኝ አታውቅም እንጂ» አለኝ። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ቶዮታን ያመንኩት የእሱን እጅ ስላመንኩ ነው። መኪናዬ መንገድ ላይ አልጣለችኝም የምለው፣ ድምፅዋ ሲለወጥ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ሁለት ወር ሙሉ የት እንደሄድኩ፣ ማንን እንደጫንኩ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳሁ ጻፍኩ። አብዛኛው ከማራኪ አራዳ፣ ከአራዳ አዘዞ ነው። በወር አንዴ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደባርቅ እወጣለሁ። ደብተሩን ያየችው ባለቤቴ «ከተማ ውስጥ ለምትዞር መኪና ለምን በኤሌክትሪክ አይሆንም?» አለች። እውነቷን ነው፤ ነዳጅ ወረፋ ላይ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች እሷም ታውቃለች። ግን የምንኖረው ተከራይተን ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ እንኳ በተራ ሶኬት በ2 ኪሎ ዋት ቢሞላ አሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ ነው እሱም። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው የጎንደር ሰው ቢጠይቀኝ ግን ኤሌክትሪኩን ያስብበት እለዋለሁ።

የቀረችው ሱዙኪ ዲዛየር ናት። ሞተሯ ትንሽ ነው፣ 1.2 ሊትር፤ ይህ አስፈርቶኝ ነበር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ደባርቅ መንገድ ላይ ወዳለችው አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ይብስበታል። ነገር ግን ባዶዋን 900 ኪሎ አካባቢ ስለሆነች የምትጎትተው ሸክም ትንሽ ነው። ከመግዛቴ በፊት የአራት ዕቃ ስም ወረቀት ላይ ጽፌ መለዋወጫ ሱቆችን ዞርኩ፦ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ አሞርዛተር፣ የፊት መብራት። ሁለቱ እዚሁ ተገኙ፣ አሞርዛተሩ ከባሕር ዳር በማግሥቱ ይመጣል ተባለ፣ መብራቱ ከአዲስ አበባ። ይህን ለኮሮላም አድርጌው ነበር፤ ሁሉም ወዲያው አለ፤ ግን ኦሪጅናል ነው ብለው ካሳዩኝ ውስጥ መካኒኬ ግማሹን «ኮፒ ነው» ብሎ መለሰው።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ የማለዳው ፍተሻ ነው። ሻጩን «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሣት» አልኩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ ኮፈኗን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሞቃለች። ምንም ሳልናገር «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ኮፈኗ ቀዝቃዛ ነበር፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣች፣ ጭስ የለም። አራት ሰው ጭነን የጎሃን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣናት፤ ራዲያተሯ አልጋለም፣ ፍሪሲዮኗም አላንሸራተተም። ከዚያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያየን፤ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ አጣራሁ። ስሙ በውክልና ይቆይ ሲሉኝም እንቢ አልኩ፤ ክፍያው ያለቀው ስሙ ወደ እኔ ሲዞር ነው።

ኮሮላዬን የገዛት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሞተሯን ራሱ ሊሠራው። ስትወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ዳባት ላይ ቆሜ ውሃና ዘይቷን አየሁ፤ ደህና ነበረች። መታጠፊያው ላይ ደርሼ ወደ ቤቱ ስቃረብ በሩ ዝግ ነው። ትንሽ ጠበቅኩ። እናቴ ውስጥ ሆና ከጎረቤት ጋር ስታወራ ይሰማኛል፤ መኪናዋን ግን አላወቀቻትም። ጥሩምባ ነፋሁ።