ሲስተሙ ከመቀየሩ በፊት መደርደሪያው ይቆጠር

በአሜሪካ ምድር ጦር የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ ሳርስ ከሚባለው አሮጌ የዕቃ መመዝገቢያና ማዘዣ የኮምፒውተር ሲስተም ጂሲኤስኤስ አርሚ ወደሚባለው አዲስ ሲስተም ተሸጋገርን። የመጋዘናችንን ቆጠራና መረጃ የማጥራት ሥራ የመራሁት እኔ ነበርኩ። ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ ልጆቻችን ቢጠቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

መዝገቡና ያለው ዕቃ አለመገናኘታቸው የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወደ 40,000 የሚጠጋ ኮንቴይነር ተልኮ ነበር። ከግማሽ በላዩ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ የግድ መከፈት ነበረበት። ዕቃው በረሃ ላይ ተከምሮ ሳለ ያዘዘው ክፍል «አልመጣልኝም» ብሎ እንደገና ያዛል።

በእኛም ጊዜ መካኒኩ፣ መጋዘኑና ንብረት ክፍሉ የየራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። ትዕዛዝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በፋይል ነው። ፋይሉ መሃል ላይ ከቀረ መካኒኩ አዝዣለሁ ይላል፤ እኛ ደግሞ አልደረሰንም እንላለን። ኤስኤፒ በሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ የተሠራው አዲሱ ሲስተም ሦስቱንም አንድ ላይ አመጣቸው። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን የተሳሳተ ቁጥር ካስገባህበት፣ ስህተቱን አሁን ሁሉም ክፍል ያየዋል፣ ሁሉም ያምነዋል።

ስለዚህ ከመደርደሪያው ጀመርን። ሁለት ሁለት ሆነን፣ በመዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር ሳናይ ቆጠርን። ይሄ ወሳኝ ነው። 12 የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ዕቃው 11 ቢሆንም 12 አድርጎ ይቆጥራል።

ብዙ ያለፋን መለኪያው ነው። ብሎን አንዳንዴ በፍሬ አይመዘገብም፤ «ኤችዲ» ይባላል፣ መቶ ማለት ነው። ሳጥን ውስጥ 300 ፍሬ ካለ መዝገቡ 3 ማለት አለበት። ፍሬውን ቆጥሮ 300 ያስገባ ሰው ለሲስተሙ 30,000 ብሎን አለን ብሎ ነግሮታል። ያኔ ሲስተሙ ብሎን ማዘዝ ያቆማል፤ ሳጥኑ ሲያልቅ መኪና ይቆማል። በዚህ ምክንያት ባለ 13 አሃዙን የዕቃ ቁጥርና መለኪያውን አንድ በአንድ አስተያየን። አገር ቤት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርግ የኖረ ንብረት ክፍል ይሄ ሥራ ይገባዋል።

ከዚያ የተንጠለጠሉ ትዕዛዞችን አጸዳን። ክፍሎቹን እየደወልን «ይሄ ዕቃ አሁንም ያስፈልጋችኋል?» ብለን ጠየቅን። መኪናው ከተጠገነ ወይም ለሌላ ክፍል ከተሰጠ የቆየ፣ ትዕዛዙ ግን ገና የሚጠብቅ ሞልቶ ነበር። ሰረዝነው።

በሽግግሩ ቀናት ማዘዝ ይቆማል። ክፍሎቹ ከጠፉ መኪና የሚያቆሙ መለዋወጫዎችን ቀድመው እንዲያዝዙ አስጠነቀቅን። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ የመሳሰሉትን።

ሥልጠና ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ነባሮቹ ይቅደሙ። ወጣቱ ስክሪኑን ቶሎ ይለምደዋል። ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ገና ሲያየው የሚጠረጥረው ግን መጋዘን ውስጥ የከረመው ሰው ነው። ባለሥልጣን ሲቸኩል መጀመሪያ የሚቆርጠው ደግሞ የሥልጠናን ጊዜ ነው። በዚህ ላይ አጥብቃችሁ ተከራከሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲስተሙ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ይቋረጣል። የወረቀት ቅጾቹን አልጣልንም። ሲቋረጥ በወረቀት እንሰጣለን፣ ሲመለስ በዚያው ቀን እናስገባለን። ለማግስቱ አናሳድርም።